ለአክስቴ ዘሀራ ሽጉጥ ጥይት ፍለጋ

ሐዋሳ ውስጥ ከሚሴን አውቃለሁ የሚል ሰው ሞልቷል፤ ጠጋ ብለው ሲጠይቁት ግን የሚያውቃት በመኪና መስኮት ነው። ወደ ደሴ ሲሄድ ሻይ ጠጥቶባት፣ ሙቀቷን ረግሞ፣ ማንጎ ገዝቶ ያልፋል። እኔም እስካለፈው ጥር ድረስ ከዚህ ሰው አልሻልም ነበር። አባቴ የተወለደው ከከሚሴ ወጣ ብሎ ጨፋ ሜዳ ላይ ነው። በሾፌርነት ሐዋሳ ገብቶ፣ እዚያው ትዳር ይዞ፣ እዚያው አርፎ ተቀበረ። እኔ በልጅነቴ አንድ ጊዜ ሄጄ ነበር ይሉኛል፤ የማስታውሰው በሬ እንዳባረረኝ ብቻ ነው። አሁን በአርባ ስድስት ዓመቴ ስምንት ቀን ሄጄ ተመለስኩ። የሥራ ባልደረቦቼ «ምን አየህ?» ሲሉኝ በአፍ የሚያልቅ ስላልሆነብኝ ይህን ጻፍኩ።

የሄድኩት አክስቴ ዘሀራ ስለጠራችኝ ነው። አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ባሏ ጋሽ ሐሰን ከሞተ አራት ዓመት አልፎታል፤ አንዲት ልጇ ረዊዳ ደግሞ ደሴ አግብታ እዚያው ትኖራለች። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ደወለችልኝ።

«ከማል፣ አንተ የወረቀት ሰው ነህ አይደል?»

«የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ነው የምሠራው፣ አክስቴ።»

«እሱን እኮ ነው የምልህ። ናልኝ። ለማንም እንዳትናገር።»

ምኑን እንደማልናገር ሳትነግረኝ ዘጋችው።

ቅዳሜ

ከሐዋሳ የወጣሁት በጠዋት ነው። ባለቤቴ ለመንገድ ብላ የተጠበሰ ዓሣ ቋጥራልኝ ነበር። ገና ሻሸመኔን እንዳለፍን አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ በዓሣው ሽታ ተማርሮ መስኮት ክፈቱ እያለ ጮኸ፤ ዝዋይ ስንደርስ ግማሹን የበላው እሱ ነው። አዲስ አበባ ገብቼ ላምበረት መናኸሪያ አቅራቢያ አንድ ፔንሲዮን አደርኩ። ባለቤቲቱ ሁለት ሹራብ ደራርቤ ስታየኝ ወዴት እንደምሄድ ጠየቀችኝ። «ከሚሴ? አንዱን ሹራብ እዚህ ተውልኝ፣ ስትመለስ ትወስደዋለህ» አለችኝ። እኔ ግን ሰሜን ሁሉ ብርድ ይመስለኝ ስለነበር አመስግኜ እንቢ አልኩ። ደግሞ እውነቱን ለመናገር ሹራቡን የምትሸጥብኝ መስሎኝ ነበር። አላህ ይቅር ይበለኝ።

እሑድ

ዶልፊን የሚሉት ሚኒባስ ውስጥ ከኋላ ወንበር ላይ፣ በሁለት ሰፋፊ ሰዎች መሐል ገባሁ። ደብረ ብርሃን ላይ ሹራቦቼን እያሻሸሁ በራሴ ብልህነት ተደሰትኩ። የጣርማ በርን ዋሻ ስናልፍ ጉሙ መስኮቱን ሸፈነው፤ ከዚያ ወዲያ ምድር ሁሉ ወደ ታች ሆነ፤ ጆሮዬ ተደፈነ። ደብረ ሲና ላይ ሰው ሁሉ ቆሎ ገዛ፤ እኔም ገዛሁ። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ግን እየተቀቀልኩ ነበር። እንዳላወልቅ ክንዴን የማነሳበት ቦታ የለኝም። መጨረሻ ላይ በቀኜ ያሉት እናትና ረዳቱ ተጋግዘው ሹራቦቹን ከላዬ ገፈፉልኝ፤ ሸሚዜም አብሮ ወጣ። መኪናው በሙሉ ሳቀ። እኚያ እናት ሸሚዜን ከሹራቡ ለይተው፣ አራግፈው፣ እንደ ልጃቸው መልሰው አለበሱኝ።

ሰንበቴ ላይ ቆምን፤ እሑድ ገበያዋ ነው፤ መንገዱ በሰውና በከብት ጢም ብሏል። ሐዋሳ መንገድ የሚዘጋው ባጃጅ ነው። እዚህ ግን አንድ ግመል አንገቱን አስግጎ በመስኮት ውስጣችንን ሲቃኝ ሾፌሩ ክላክስ እንኳ አላደረገም፤ እስኪጨርስ ጠበቀው።

ከሚሴ የደረስነው ከዙህር ሶላት በኋላ ነው። አክስቴ ዣንጥላ ይዛ መናኸሪያው በር ላይ ቆማለች። አጭር ናት፣ ቀጭን ናት፤ ቢጫ ሻሽ አስራለች፤ ከቀሚሷ በላይ ደግሞ ሰፊ የቆዳ ቀበቶ ታጥቃ፣ በቀበቶው ላይ ማህደር፣ በማህደሩ ውስጥ ሽጉጥ። እኔ ሽጉጥ በዚህ ቅርበት አይቼ አላውቅም። ሐዋሳ የሷ እኩያ ሴት እንዲህ ሆና ብትወጣ ሰፈሩ በሙሉ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻት ነበር። እሷ ግን አገላብጣ ሳመችኝና፣ «ሹራብ ነው የያዝከው? ታመሃል እንዴ?» አለችኝ።

በባጃጅ ግማሽ ሰዓት ያህል ሄድን። ጨፋን ያላያት ሰው ሐዋሳ ሐይቅን ያስብና ውሃውን በእርሻ ይተካው፤ እንደዚያ ሰፊና ልሙጥ ነው። ማሽላው ታጭዶ አገዳው ተከምሯል፤ ከወዲያ ቦርከና ወንዝ አለ። የአክስቴ ቤት የቆርቆሮ ነው፤ ከፊቱ ሁለት ማንጎ አለው። በስተግራ ከአጥሩ ጋር ተጣብቆ የጎረቤት የከብት በረት አለ፤ ሽታው በሩ ላይ ነው የሚቀበለው።

«ይኼ የዚያ ኢብራሂም የሚሉት ሰውዬ ሥራ ነው» አለች አክስቴ። «ሰፊ መሬት እያለው ሐሰን ሲሞት ጠብቆ በረቱን እዚህ አምጥቶ ለጠፈው። ሴት ናት ብሎ እኮ ነው። አንድ ጊዜ ይኼን አውጥቼበታለሁ፤» ማህደሩን መታ መታ አደረገችው፤ «እንደ ጥንቸል ነበር የሮጠው።»

የማሽላ እንጀራ በወተት አቀረበችልኝ። በልቼ ስጨርስ በሩን ዘጋች፣ መስኮቱንም ዘጋች። ሽጉጡን አውጥታ ጥይት የሚሞላበትን ካዝና ከእጀታው ስባ ዘረገፈችው። ምንም አልወጣም።

«ባዶ ነው» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሐሰን ሲሞት ባዶውን ነው የተወልኝ። ይኸው አራት ዓመት ባዶ ታጥቄ እዞራለሁ። ይኼን የማውቅ እኔ ነኝ፣ አላህ ነው፣ አሁን ደግሞ አንተ።»

ጥይት መግዛት ፈልጋለች። ፈቃዱ ከሟች ባሏ ወደ እሷ በሕግ ተዛውሯል፤ ፕላስቲክ የተለበጠ ወረቀት አላት። ነገር ግን ጥይት እንደ ስኳር አይገዛም። ማመልከቻ ይጻፋል። የበፊቱ ጥይት ማለቁን ሦስት ምስክሮች ቀበሌ ቀርበው ይፈርማሉ፤ ከሦስቱ አንዱ አጥር የሚጋራ ጎረቤት መሆን አለበት። የተተኮሱት ጥይቶች ቀለህ ይመለሳል፤ እያንዳንዱ ለምን እንደተተኮሰ ይጻፋል። ያ ሁሉ ከሚሴ ወርዶ ከታየ በኋላ ከመንግሥት መጋዘን ብቻ ይሰጣል፤ ካለ። እኔ ሥርዓቱን አልጠላሁትም። እኛም ቤተ መጻሕፍት የወሰደውን መጽሐፍ ላልመለሰ ተማሪ ሌላ አንሰጥም።

«ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ሦስት ሰው ‹ዘሀራ ጥይት የላትም› ብሎ ሊፈርም እኮ ነው፣ ከማል። ሦስት ሰው አወቀ ማለት ጨፋ አወቀ ማለት ነው። ከብቶቼን የሚያስቀርልኝ ይኼ ብረት ነው። ረዊዳም ብትሰማ በነጋታው መኪና ይዛ ነው የምትመጣው። ‹ብቻሽን አትኖሪም› ትላለች። እኔ ደሴ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ምን እሠራለሁ?»

ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔም ያን ጊዜ ነገሩ የጥይት ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። ይህች ሴት ቤቷን ላለመልቀቅ እየታገለች ነው።

ሰኞ

ማመልከቻውን በሚያምር የእጅ ጽሑፌ ጽፌ በጠዋት ቀበሌ ሄድኩ። ተዘግቷል። ዘበኛው ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ሸንኮራ እየላጠ ነው።

«ሊቀመንበሩ መቼ ይመጣሉ?»

«ዛሬ ሰኞ አይደል?»

«አዎ፣ ሰኞ ነው። የሥራ ቀን።»

«ሰኞማ ሰው ባቲ ነው» አለኝ፣ ማዘኑ ፊቱ ላይ እየታየ። ሊቀመንበሩ በሬ ሊሸጡ ሄደዋል፤ ጸሐፊውም አብሮ ሄዷል፤ አክስቴ በልቧ የመረጠቻቸው ምስክሮችም እዚያው ናቸው። ባቲ የሰኞ ገበያ ከቆላም ከደጋም ሰው ይጠራል፤ ይህን የማያውቅ ሰው እዚህ አገር እኔ ብቻ ነበርኩ። ዘበኛው ባዶ እጄን እንዳልመለስ ብሎ ሸንኮራውን ለሁለት ሰብሮ ሰጠኝ።

ሸንኮራዬን እየመጠጥኩ ስመለስ የመስኖ ቦይ ውስጥ ገባሁ። ወደቅኩ ማለት ይቀላል፤ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ውስጥ ቆሜ ማመልከቻውን ወደ ሰማይ ይዤዋለሁ። አንድ ጢሙ የሸበተ ሰውዬ ከማዶ ሮጦ መጣ። «ኮቱ፣ ኮቱ! ና! እጅህን አምጣ! አብሽር፣ አብሽር» እያለ ጎትቶ አወጣኝ። ቤቱ ወስዶ እግሬን በራሱ እጅ አጠበኝ፤ ጫማዬን ልጁ ወስዶ ፀሐይ ላይ አሰጣው፤ የራሱን ሸበጥ አጫማኝ። ከዚያ እርጎ ቀረበ። ስሙን ስጠይቀው ኢብራሂም አለኝ፤ እርጎው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

«የእታለም ዘሀራ ወንድም ልጅ ነህ» አለኝ። «ከነአረማመድህ አባትህን ነህ። እሱም ቦይ አያይም ነበር።» ቤቱ ውስጥ ሰው ይወጣል ይገባል፤ ድንኳን እየተተከለ ነው። «ሐሙስ የልጄ ሰርግ ነው። እታለምን ጠርቼያታለሁ፤ መልስ አልሰጠችኝም። እስቲ አንተ ለምንልኝ።»

አክስቴ ሸበጡን ከሩቅ አወቀችው። ሰርጉን ስነግራት ደግሞ «በረቱን ያንሳና!» አለች። ከዚያ ቁጭ ብላ እውነቱን ነገረችኝ። አራት ዓመት ሙሉ ሰርግ ሄዳ አታውቅም። ድሮ እዚህ አገር ሽጉጥ ያለው ሰው ሰርግ ከሄደ ለሙሽራው ይተኩስ ነበር፤ አሁን በሰርግ መተኮስ ተከልክሏል። ክልክል ቢሆንም ሽማግሌዎቹ ሰብሰብ ብለው «እስቲ የሐሰንን ዕቃ እንየው» ይላሉ፤ እጃቸው ከገባ ካዝናውን ያወጡታል። ስለዚህ በበረቱ እያመካኘች ትቀራለች። ሰርግ የሚወድ ሰው አራት ዓመት ከሰርግ ሲቀር ምን ያህል እንደሚከብድ ከፊቷ አየሁ።

ማክሰኞ

ሊቀመንበሩ ተገኙ። በሬው በደህና ተሸጦ ኖሮ ፊታቸው ብሩህ ነበር። አክስቴ ያመጣቻቸው ሁለት ምስክሮች ናቸው፤ አንዷ ፋጡማ የምትባል የልጅነት ጓደኛዋ፣ ሌላው ሼህ ይመር። ሼሁን የመረጠቻቸው ጆሯቸው ስለማይሰማ ነው። ሦስተኛው አጥር ተጋሪ መሆን አለበት ሲባል ልትከራከር ሞከረች። በስተቀኟ ወንዝ ነው፣ በስተኋላዋ መንገድ ነው፤ ከኢብራሂም በቀር አጥር የሚጋራት የለም። ተጠርቶ መጣ። የሰርግ ሽር ጉድ ላይ ስለነበር ልብሱ ላይ ገለባ አለ። አክስቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሊቀመንበሩ ቅጹን ጮክ ብለው አነበቡት፤ «አመልካች ወይዘሮ ዘሀራ በስማቸው በተመዘገበው ሽጉጥ የነበራቸው ጥይት በሙሉ ማለቁን…»

«እሱንማ ከረህመት ሰርግ ጀምሮ እናውቃለን» አሉ ሼህ ይመር። ያን ቀን ጆሯቸው ሰምቷል።

አክስቴ ዞረች። «ምኑን ነው የምታውቁት?»

«ማለቁን ነዋ» አሉ ሼሁ፣ ቀላል ነገር እንደሚያስረዳ ሰው። «የሰርግ ተኩስ ይቆጠራል፣ ልጄ። ማን ለማን ስንት ተኮሰ ተብሎ ይያዛል። ሐሰን፣ አላህ ይዘንለት፣ ሽጉጡን ያመጣው ዕለት ጥይቱን ፎጣ ላይ ደርድሮ አሳይቶናል፤ ሰባት ነበር። ለእኔ ልጅ ሁለት ተኮሰ። ለኢብራሂም ልጅ ለረህመት አምስት ተኮሰ። ምን ቀረው?»

«ከዚያ በኋላ ሌላ ገዝቶ ቢሆንስ?» አለች አክስቴ። የመጨረሻ ምሽጓ ነበር።

«ሌላ ቢገዛ እኛ እንፈርም አልነበር?»

ሕጉ ራሱ አሳበቀባት። ያለ ጎረቤት ፊርማ ጥይት እንደማይገዛ ጨፋ በሙሉ ያውቃል፤ ማንም ደግሞ ለሐሰን አልፈረመም። አክስቴ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች።

ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው ወደሚቀጥለው ጥያቄ ሄዱ። ጎረቤት ነው የሚመልሰው። «አመልካቿ የሚያሰጋቸው ነገር አለ ወይ?»

«የለም» አለ ኢብራሂም።

አክስቴ ብድግ አለች። «የለም? ብቻዬን ወንዝ ዳር የምኖር ሴት የሚያሰጋኝ የለም? ጥይቱን እንዳላገኝ ነው አይደል?»

«እታለም፣ በአላህ ስም ነው የምመሰክረው፣ ልዋሽ አልችልም» አለ ኢብራሂም መሬት መሬት እያየ። «ምን ያሰጋሻል? በረቱ አጥርሽ ሥር ነው። ልጆቼ በየተራ እዚያ ነው የሚያድሩት። ከሐሰን ቀብር ማግስት ጀምሮ አንድም ቀን ባዶ አድሮ አያውቅም።»

የሰማሁትን ለማመን ጊዜ ወሰደብኝ። በረቱን እዚያ ያመጣው ሊጠብቃት ነበር። እኔ ሐዋሳ የአንድ ግቢ ተከራይ ነኝ፤ የጎረቤቴን ስም ያወቅኩት የመብራት ቢል ተሳስቶ እኔ ጋ ሲመጣ ነው።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለች አክስቴ። ድምጿ ተለውጧል።

«ጥይት እንደሌለሽ አውቃለሁ ልበልሽ? ሐፍረት አይሆንብሽም?»

«አራት ዓመት ሙሉ በረትህን ስረግም?»

«እንሰማሽ ነበር።»

«ሽጉጥ አውጥቼብህ አልነበር? ሮጠሃል እኮ።»

«ሮጫለሁ።»

«ባዶ መሆኑን እያወቅክ?»

«ካልሮጥኩ ማወቄን ታውቂ ነበራ» አለ ኢብራሂም።

ፋጡማ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች፤ ትሳቅ ታልቅስ አላወቅኩም። ሊቀመንበሩ እስክሪብቶ ይዘው ቀሩ፤ ስጋት የለም ብለው ከጻፉ ማመልከቻው ይወድቃል፣ አለ ብለው ከጻፉ ምስክሩን ይለውጣሉ። የመጣሁበትን ሥራ የሠራሁት ያን ጊዜ ነው። «ስጋቱ በጎረቤት ጥበቃ የተቃለለ ቢሆንም አመልካቿ ራሳቸውን በራሳቸው ለመጠበቅ ይፈልጋሉ» ብለን ጻፍን። ሁሉም ፈረሙ። ሼህ ይመር ዱዓ አደረጉ።

አክስቴ ቤት ገብታ አለቀሰች። የተናደደች መስሎኝ ነበር፤ ተናዳም ነበር፤ ግን እንደዚያ የሚያለቅሰው ለብዙ ጊዜ ከባድ ነገር ተሸክሞ ሲያበቃ ያወረደ ሰው ነው። ከዚያ ተነስታ ሸበጡን ራሷ አጥባ፣ አድርቃ፣ «መልስለት» አለችኝ።

ረቡዕ

ሰባቱን ቀለሆች ጋሽ ሐሰን በአንድ የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጧቸው ኖሯል። በመሐረብ ቋጥሬ ኪሴ ከተትኳቸውና ከአክስቴ ጋር በባጃጅ ተሳፈርን፤ ከሚሴ መግቢያ ላይ ፍተሻ እንዳለ አላሰብኩም። ፈታሹ ፖሊስ ኪሴን ዳሰሰና «ይኼ ምንድን ነው?» አለኝ። እውነቱን ብናገር ምንም አልሆንም ነበር። እኔ ግን ሰው መሣሪያ ይዞ ሲጠይቀኝ አእምሮዬ ይዘጋል። «የማንጎ ፍሬ» አልኩ።

መሐረቡ ተፈታ፤ ቀለሆቹ ባጃጁ ውስጥ ተንከባለሉ። ፖሊሱ አንዴ እነሱን አንዴ እኔን አየ። አክስቴ በእርጋታ ፈቃዷንና የቀበሌውን ደብዳቤ ዘረጋችለት። «የወንድሜ ልጅ ነው፣ ከሐዋሳ ነው» አለችው፤ ይህም ሁሉን ያስረዳው ይመስል «እሺ፣ እለፉ» አለ። «ግን አንተ ወንድም፣ ማንጎውን በደንብ ቋጥር።»

መሥሪያ ቤቱ ስንደርስ የተቀበለን መኮንን ወጣት፣ ትሁት ሰው ነበር። አክስቴን «እናቴ» ብሎ ወንበሩን ለቀቀላት። ቀለሆቹን ቆጠረ፤ ስድስት ናቸው። እንደገና ቆጠረ፤ ስድስት። ይህ ሁሉ ድካም በእኔ ማንጎ ሊበላሽ ነው ብዬ በሐፍረት አንገቴን ደፋሁ። ሮጬ ወጣሁ፤ ባጃጁ የለም። ከሚሴ ውስጥ ያለውን ባጃጅ ብዛት ያየ ሰው ተስፋዬ ምን ያህል እንደነበረ ይገምታል። መንገዱ ላይ ቆሜ ሰማያዊውን ሁሉ እያስቆምኩ ሳለ ሾፌሩ ራሱ ሌላ ተሳፋሪ ጭኖ መጣ። «አቦ፣ የት ጠፋህ? ከምንጣፉ ሥር አገኘሁት። ለእማ ዘሀራ ስጥልኝ» አለኝ። የተሳፈሩት ሰዎችም ለሱ ሲሉ ዙሪያ ጥምጥም መጥተዋል፤ አንዳቸውም አላጉረመረሙም።

መኮንኑ ሰባተኛውን ተቀበለና ምክንያቱን መሙላት ጀመረ። ሰርግ፣ ሰርግ፣ ሰርግ… ሰባት ጊዜ። «ያኔ ክልከላው አልመጣም ነበር፤ ችግር የለውም። ከእንግዲህ ግን አይሆንም፣ እናቴ» አለ። ከዚያ ሽጉጡን አገላብጦ አየ። ወደ ውስጥ ገብቶ ቆይቶ ተመለሰ።

«ፈቃዱ ተሟልቷል፤ እጽፍልዎታለሁ። ግን ለዚህ ሽጉጥ የሚሆን ጥይት መጋዘን ውስጥ የለንም። የድሮ ስሪት ነው፤ ልኩ አይመጣም።»

«መቼ ይመጣል?»

መኮንኑ ሊያጽናናት ይችል ነበር። «ሲመጣ እንደውላለን» ብሎ ሊሸኘን ይችል ነበር። «እናቴ፣ ልዋሽዎት አልፈልግም፤ ላይመጣም ይችላል» አለ።

የምትወድቅ መስሎኝ ክንዷን ያዝኳት። እሷ ግን ወረቀቱን ተቀብላ፣ አጥፋ፣ «እውነት ስለነገርከኝ አላህ ያክብርህ» አለችው። ስንወጣ ምሳ ጋበዘችኝ፤ ክትፎ የመሰለ ነገር ከማሽላ እንጀራ ጋር በላን። ስለ ጥይት አንድ ቃል አላነሳችም። ሲመሽ ግን ሳጥኗን ከፍታ አረንጓዴ የሐር ቀሚስ አወጣች፤ አራት ዓመት ያልተለበሰ ስለሆነ የናፍታሊን ሽታ ነበረው።

ሐሙስ

ድንኳኑ በሰው ሞልቷል። ሰው በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ ይጨርሳል፤ ከሳቀው ጋር እየሳቅኩ ቆየሁ። ሐዋሳ ሰርግ ሄጄ የማላውቀው ሰው አጠገብ ሥጋ በልቼ እመለሳለሁ። እዚህ ግን ተቀምጬ አልጨረስኩም፤ ያባቴን ስም እየጠሩ የሚስሙኝ ሽማግሌዎች ተራ ይጠባበቁ ነበር።

አክስቴ ስትገባ ሴቶቹ እልል አሉ። አረንጓዴ ቀሚሷን ለብሳ ከላዩ ቀበቶውን ታጥቃለች። ኢብራሂም ሊቀበላት ብድግ አለ፤ እጅ ተሳሳሙ። ሙሽራው መጥቶ ጉልበቷን ሳመ። እሷም መረቀችውና ወደ እኔ ዞረች። ሽጉጡን አወጣች፤ ካዝናውን ስባ «ያዝልኝ» ብላ እጄ ላይ አስቀመጠችው። ባዶውን ካዝና ሰው ሁሉ እንዲያየው መዳፌን ዘረጋሁ። ይህን የምታደርገው ለጥንቃቄ መሰለኝ፤ ለጥንቃቄም ነበር።

ከዚያ ሽጉጡን ወደ ሰማይ አነሳችው።

ምን እንደምትፈልግ ማንም አልገባውም። መጀመሪያ የገባው ኢብራሂም ነው። «ቶኮ!» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ፤ አንድ ማለት ነው። ሰው ሁሉ ተከተለው። «ለማ! ሰዲ! አፉር!» ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ሲቆጥር ድንኳኑ ይንቀጠቀጣል፤ ከእያንዳንዱ ቁጥር በኋላ እልልታ። «ሸን!» አምስት። ሐሰን ለረህመት የተኮሰው ልክ ሆነ፤ ሰው ዝም ሊል ነበር። አክስቴ ግን እጇን አላወረደችም። ኢብራሂም አየት አደረጋትና ቀጠለ። ስድስት፣ ሰባት። ሰባት ላይ አንዳንዱ ማልቀስ ጀመረ፤ ሐሰንን የሚያስታውሱት። ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር። ክንዷ እየተንቀጠቀጠ ነው፤ አሁንም አላወረደችም። አሥራ ሁለት ላይ ደከማት። ጨፋ ውስጥ ለአንድ ሙሽራ ይህን ያህል የተኮሰ ሰው የለም ብለው ሼህ ይመር በማግሥቱም ይናገሩ ነበር።

እኔ በመዳፌ ባዶ ካዝና ይዤ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። አላፈርኩበትም።

ዓርብ

ኢብራሂም ሊሸኘኝ እስከ ከሚሴ መጣ፤ ማንጎ በማዳበሪያ ሞልቶ አሸክሞኛል። ሚኒባሱ እስኪሞላ ድረስ አክስቴ ዣንጥላዋን ይዛ መስኮቴ ሥር ቆመች። ስልኬ ጠራ፤ ረዊዳ ናት፣ ከደሴ። አክስቴ ማን እንደሆነ ከፊቴ አወቀች።

«‹እናቴን አሳምነህ አምጣልኝ› እያለች ነው» አልኳት።

«ንገራት» አለች አክስቴ። «አልመጣም በላት።»

ነገርኳት። ረዊዳ ወዲያው ተቆጣች፤ ምን ተማምና ነው ብቻዋን የምትኖረው አለችኝ። ቃሏን ለአክስቴ አደረስኩ። አክስቴ ኢብራሂምን አላየችውም፤ እሱም ሌላ ቦታ ነበር የሚያየው።

«ጥይት እንደሌለኝም ንገራት» አለችኝ።